አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም

ሰንበት ተሸኘች፤ ሦስት ኮከብ ወጣ፤
ሰዓት ነው የነገረን፣ ከሰማይ አልመጣ፤
ማንቸስተር ዝናብ ነው ከላይ እስከ ታቹ።
ታጠቡ፣ ተኙ ተባሉ ልጆቹ፤
እኔ ግን ተቀመጥሁ ከደረጃው መሐል
ፍርግርጉን ይዤ፤ የሚባለው ይሰማል።

እናቴ አወጣች ባለካሬ ደብተር፤
ቀኑን ሙሉ በሆዷ ታምቆ የዋለ ቁጥር
(በሰንበት አይጻፍም፤ ሐሳብን ግን ማን ይሰር?)
በእርሳስ ተሰለፈ፣ ረድፍ ይዞ፣ በመስመር።

አባቴ ኸስከል አሳንሰር ጠጋኝ፣
ሰው ወጥቶ ሲወርድ ነው እንጀራ የሚያገኝ፤
ዙሪክ ፈለጉት፤ እጥፍ ነው ደመወዙ፣
እጥፍም ሆኖ መጣ ተከትሎት መዘዙ።

ኪራይ፦ አራት ሺህ ከስምንት መቶ ፍራንክ፣
የሦስት ወር መያዣ ተቆልፎ በባንክ።
ራቅ ካለ ሰፈር በግማሽ ይገኛል፤
ግን በሰንበት ትራም መቼ ይፈቀዳል?
ምኩራብ በእግሩ መድረስ አለበት ሕፃኑ፤
ኪራይም በእርምጃ ሆነ መመዘኑ።

እንደ ሕጋችን ማረድ እዚያ አይፈቀድም፤
ሥጋ ከውጭ ይገባል፤ ዋጋው አይቀመስም።
«ዶሮ ለሰንበት» ብላ ጻፈች፣ ቆየችና
«ክንፉን ብቻ» ብላ ሰረዘች እንደገና።

የሥጋው ድስት ለብቻ፣ የወተቱ ለብቻ፣
የፋሲካው ደግሞ፣ ለስምንት ቀን ዘመቻ
ዓመቱን ጣሪያ ሥር በሣጥን የሚተኛ።
ጭነቱን በሜትር ኪዩብ ያስከፍላል ጫኙ፤
አባቴ «ሳህን ነው፤ ይሸጥ» አለ፣ «ለሚያገኙ።»
እናቴ ዝም አለች። ሳህኑ የእናቷ ነው።

አሥራቱን አስቀድማ ከአሥር አንድ አወጣች፤
«ይህ የእኛ አይደለም» ብላ አጥር አጠረች።

ከዚያ የጤና መድን፤ እሱ በነፍስ ወከፍ ነው፤
ቅጹ «ስንት ናችሁ?» ይላል፤ ጣጣው ይኸው ነው።
በእኛ ዘንድ ሰው አይቆጠርም፣ ዓይን ይበላዋል፤
ሕዝቡን የቆጠረ ንጉሥ መቅሠፍት አይቷል።
«አንድ አይደለም» ትላለች፣ «ሁለት አይደለም»፤
የልጆቿን ቁጥር ከአፏ አውጥታ አታውቅም።

ወደ ደረጃው መጣች፤ ትንፋሼን ዋጥሁ፤
ከካፖርቶቹ ኋላ ተሸጉጬ ቀረሁ።
ጫማ ነው የቆጠረች፤ ጫማ ነፍስ የለውም፤
የግትል ባለ ዘለበት፣ አንዱ ዘለበት የለውም፣
የመንታዎቹ አራት፣ ማን የማን እንደሆነ የማይለየው፣
የእኔም፣ እንደራበው ሰው አፉን የከፈተው፣
የሂንደ የሥራ ጫማ፣ ዝናብ ያራሰው።

ደመረች፣ ደገመች፣ ጉንጯን በእጇ ያዘች፤
ስድስት መቶ አርባ በወር ትጎድላለች።
«እግዚአብሔር ይሞላል» አለ አባቴ።
«በየትኛው ረድፍ ልጻፈው?» አለችው።
ሳቀ፤ ሳቀች፤ መብራቱን አጠፋችው።

እንቅልፍ ጣለኝ እዚያው፣ ካፖርት ተከናንቤ፤
የላጲስ ድምፅ ሰማሁ፣ ፍቅ ፍቅ፣ ከአጠገቤ።
ሂንደ ናት፣ ታላቃችን፣ በባዶ እግሯ ወርዳ
ደብተሩ ላይ ጎንበስ፣ እንደ ባለዕዳ፤
ከመድን፣ ከትራም፣ ከዳቦው ድርሻዋን
ፍቃ ባዶ ጻፈች፤ አነሣች ጫማዋን፤
ከኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል
«እኔ ሪቨ አክስቴ ዘንድ» የሚል።

በነጋታው ሲታይ ሒሳቡ ሞልቷል፣
እንዲያውም ሠላሳ ፍራንክ ተርፏል።
አባቴ «አየሽ?» አለ፣ «ብዬሽ ነበር እኮ!»

እናቴ ምንም አላለችም።
ደረጃው ሥር ሄዳ ቆመች።
«አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም…»
ምንጣፉ ላይ ጭቃ ደርቋል፣ በሁለት እግር ልክ፤
እዚያ ላይ ሲደርስ አፏ ተያዘ።

ተመልሳ ተቀመጠች። ባዶዎቹን ፋቀች፤
በደብተሩ ሙሉ የመጀመሪያውን ቀለም
በእስክሪብቶ ጻፈች፤ እንዳይፈቅ ማንም።
ስድስት መቶ አርባዋ ተመለሰች።
ትመለስ።

ማክሰኞ አንድ ሰው መጥቶ ሳህኑን ገልብጦ አየ፣
ጀርባውን ዳሰሰ፣ ዋጋ ጠራ፣ ቆየ፤
ያለው ለሦስት ወር ነው ጉድለቱን የሚሞላ፤
አራተኛው ወር ላይ አልጻፈችም ገና።
የሂንደ ጫማ ግን ሲመሽ ከቦታው ነበር፣
እርጥብ እንደሆነ፣ ከእኔው ጫማ አጠገብ።